ስለ ፈተናና ማርክ መወያየት መምህራን ላይ ግዴታ ይሁን?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጡ መምህራን በየጊዜው ተሰብስበው ስለሚያወጡት ፈተናና ስለሚሰጡት ማርክ እንዲወያዩ በመመሪያ ሊገደዱ ይገባልን?

የባዮሎጂ መምህርት፦
ይገባል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እነዚሁ ተማሪዎች ግን በየትምህርት ቤታቸው በእኛ ማርክ ከክፍል ክፍል ሲያልፉ ኖረዋል። ሁሉንም በኩረጃ ማሳበብ ይቀላል፣ የራሳችንን እርማት መመርመር ግን ይከብዳል። በእኛ ዲፓርትመንት የአንድ ተማሪን ወረቀት ስሙን ሸፍነን ለየብቻ አረምነውና ከ10 አንዳችን 4፣ ሌላችን 8 ሰጠን። ጥያቄው «የፎቶሲንተሲስን ሂደት አብራራ» የሚል ሲሆን፣ ገሚሶቻችን ደረጃዎቹን መዘርዘር በቂ ነው ስንል ሌሎቻችን የብርሃኑን ሚና ጠብቀን ኖሯል። ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የጥያቄው ነበር፤ ይህንንም ብቻዬን ባርም ኖሮ በጭራሽ አላየውም ነበር።

የሒሳብ መምህር፦
እህቴ፣ የውይይቱን ጥቅም አልክድም፤ የምቃወመው ግዴታውን ነው። መምህራን በሥራ ላይ ሳሉ ሙያቸውን የሚያዳብሩበት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያም በዓመት 60 ሰዓት ተብሎ ሲጀመር በጎ ሐሳብ ነበር፤ እኔ ባስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማስረጃ ፋይል) ወደ መሙላት ወርዷል። ከዚህም በላይ የሥራ አፈጻጸም ውጤቴን የሚሞላው ርዕሰ መምህር በተቀመጠበት ስብሰባ «ይህን ጥያቄ ያወጣሁት ተሳስቼ ነው» የሚል መምህር ከየት ይመጣል? የሚተርፈን በፊርማ የደመቀ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው።

ሱፐርቫይዘር፦
ሳይገደድ የሚሰበሰብ ዲፓርትመንት ብዙ አላጋጠመኝም።

የባዮሎጂ መምህርት፦
የርዕሰ መምህሩን ነገር ባልደረባዬ በትክክል አንስተዋል፤ እኛም የተነጋገርነው እርሳቸው በሌሉበት ነበር። እንግዲያውስ መመሪያው ሰዓቱን ብቻ ያስከብር፣ ቃለ ጉባኤ አይጠይቅ፤ ከፈተናው በፊት ጥያቄዎቹንና የማርክ አሰጣጡን፣ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ጥቂት ወረቀቶችን በጋራ እንይ።

የሒሳብ መምህር፦
ሰዓቱ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜያችን ላይ የሚቀነስ ከሆነ እስማማለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ ግን በአቋሜ እጸናለሁ።