ቲ ሴል «ያውቃል» ነው ወይስ «ይለያል»?

ኮዬ ፈጬ፦ እንደምን አመሻችሁ። ታናሽ ወንድሜ ባዮሎጂ አስረጂኝ ብሎኝ ቃሉ ላይ ተሰናከልኩ። ቲ ሴል (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከል የነጭ ደም ሴል ዓይነት) አንቲጂንን (የሰውነት መከላከያ የሚነሣበትን ነገር) «ያውቃል» ልበል ወይስ «ይለያል»? መብራት የለም፣ ስልኬ 20 በመቶ ላይ ነው፤ አሳጥሩልኝ።

ሰበታ፦ «ይለያል»። ድምፅሽን ለየሁት ስልሽ ከስንት ድምፅ መሃል ያንቺን አወጣሁት ማለቴ ነው። ማወቅ ከዚያ ይሰፋል። ደግሞ «ልዩ» የሚለውም ከዚሁ ሥር ነው፤ ለዚህ ነገር የተሰፋ ይመስላል።

ሱሉልታ፦ ልክ ብለሃል ልጄ። ግን ምኑን ነው የሚለየው? ቲ ሴል ጀርሙን በሙሉ አያየውም። ሌላ ሴል የጀርሙን ፕሮቲን ይቆራርጥና ቁራጩን ኤምኤችሲ በሚባል መያዣ ላይ አድርጎ ደጁ ላይ ያወጣዋል። ሲዲ8 የሚባሉት የቲ ሴል ዓይነቶች የሚያዩት ቁራጭ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ጡቦች) ብቻ ነው። ገበያ ወጥተን ጤፍ ስንገዛ ነጋዴው ከጆንያው ዘገን አድርጎ በመዳፉ ያሳየን የለ? ማኛ ነው፣ ሰርገኛ ነው የምንለው እሷኑ አይተን ነው። ቲ ሴል ግን መዳፉንም፣ ማለትም ኤምኤችሲውን፣ ያያል። ያው ጤፍ በሌላ ሰው መዳፍ ቢመጣለት ዝም ሊል ይችላል። ይህን ዚንከርናጌልና ዶኸርቲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በአይጥ አሳዩ፤ በ1996 ኖቤል ተሸለሙበት።

ኮዬ ፈጬ፦ ጋሼ፣ ጤፉ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ስንቱን ዓይነት ጤፍ ማን ለይቶ ይችለዋል?

ሱሉልታ፦ አንድ ሴል ሁሉን አይችልም። በጥቅሉ አንድ ሴል አንድ ዓይነት ተቀባይ (ቁራጩን የሚለይበት ፕሮቲን) ነው የሚይዘው። ሴሉ ሲያድግ የተቀባዩ ጂን ቁርጥራጮች እንደ ካርታ ይበወዛሉ፤ ለእያንዳንዱ የደረሰው ይደርሰዋል። የራስን አካል አጥብቀው የሚይዙት አብዛኞቹ ታይመስ ውስጥ ይወገዳሉ። ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለች ዕጢ ናት፤ «ቲ»ም የመጣው ከሷ ስም ነው።

ሰበታ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ «ልዩ» ስንል እንዳናጋንነው ብዬ ነው። አንዱ ተቀባይ የሚመሳሰሉ ብዙ ቁራጮችን ሊቀበል ይችላል። ነጩን ጤፍ ማኛ ብሎ የሚገዛ ሰው አይጠፋም።

ሱሉልታ፦ እሱስ እውነት ነው። እኔንም አግኝቶኛል።

ኮዬ ፈጬ፦ አንቲጂንን «ባዕድ አካል» ብለውስ?

ሰበታ፦ በጭራሽ! የካንሰር ሴል ከራስ ሥጋ የበቀለ ነው፤ ቲ ሴል ግን ሊለየው ይችላል። ባዕዱ የቱ ነው ታዲያ? ደግሞ «ፀረ እንግዳ አካል» ከሚባለው ጋር ይምታታበታል፤ እሱ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነት አንቲጂንን ለመከላከል የሚያመነጨው ፕሮቲን። «አንቲጂን» ብለሽ ተዪው።

ኮዬ ፈጬ፦ እሺ፣ «ይለያል» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ግን አሁን «የእኔ መዳፍ ከአንቺ ይለያል?» እያለኝ ነው። 4 በመቶ ቀረኝ፤ ጋሼ ቶሎ!

ሱሉልታ፦ ሊለያይም ሊመሳሰልም ይችላል። ከአንድ እናትና አባት ከሆናችሁ ከ4 አንድ ዕድል ነው አንድ ዓይነት የመሆኑ። ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወንድምና እህት ቀድመው የሚመረመሩት ለዚሁ ነው።