ዳርክ ማተር በእርግጥ አለ ወይስ የስበት ሕጋችን ነው የጎደለው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። 11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማክሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ጻፍኩ። ሜርኩሪ ፀሐይን ሲዞር በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ኔፕቲዩን ግን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ። ከፀሐይ በራቁ ቁጥር ስበቱ ይላላል። ከዚያ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ እነ ቬራ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1970 አንድሮሜዳ ጋላክሲ ላይ የለኩትን ነገርኳቸው። እዚያ ግን ዳር ያለውም በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚከንፈው። የሚታየው ኮከብና ጋዝ ብቻውን ይህን ያህል ፍጥነት ይዞ ማቆየት አይችልም። «ስለዚህ የማይታይ ቁስ፣ ዳርክ ማተር፣ አለ» ብዬ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ።

ከኋላ ወንበር አንዷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያላየነውን ነገር ከምንጨምር ቀመሩን ብናርመውስ?»

ደወል ተደወለ። ጥያቄዋ ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?

መልስ፦
ጎበዝ ልጅ ናት! እስራኤላዊው ሞርደሃይ ሚልግሮም በ1983 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። ስበት በጣም ሲደክም ሕጉ ራሱ ይለወጣል ይላል። የብዙ ጋላክሲዎችን ፍጥነት ደግሞ በሚገርም ሁኔታ ይገጥማል። በሌላ በኩል አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ በድሮ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን ይዘው ዳርክ ማተር የተሠራባት ትሆናለች የተባለችውን ቅንጣት የሚጠብቁ ተመራማሪዎች አሉ። እስካሁን አልያዟትም።

መልስ፦
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ቡሌት ክላስተርን አትርሱ። ሁለት የጋላክሲ ክምችቶች ተጋጩ። ከሚታየው ቁስ አብዛኛው ጋዝ ነው፤ እሱ እርስ በርሱ ተላትሞ መሀል ላይ ቀረ። በ2006 ይፋ የሆነው ልኬት ግን ከኋላቸው የሚመጣውን ብርሃን የሚያጎብጠው ስበት ዋናው ክፍል ጋዙ ጋ እንዳልሆነ አሳየ። ከጋላክሲዎቹ ጋር አልፎ ሄዷል! ቀመር ማረም ብቻውን ይህን እንዴት ያስረዳል?

ጠያቂው፦
ተባረኩ። ቡሌት ክላስተር እኔንም ወደ ቁሱ ያዘነብለኛል። ለልጅቷ ግን የፈረንሳዊውን የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሌቬሪየን ታሪክ ልነግራት ነው። ዩራነስ ከምህዋሩ ሲዛነፍ «ያላየነው ፕላኔት አለ» አለ፤ በ1846 ኔፕቲዩን ተገኘ። ሜርኩሪም ሲዛነፍ ያንኑ ደገመ፣ ስሙንም ቩልካን አሉት። ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። በ1915 ያስረዳው የአይንስታይን አዲሱ የስበት ሕግ ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ዘዴ፤ አንዴ ቁስ ጎደለ፣ አንዴ ሕጉ። ዓርብ እሷኑ ሰሌዳው ጋ አወጣትና ሁለቱንም ምህዋር ራሷ ትስላለች።