«ሃይማኖት» ከየት መጣ? «ሙድ መያዝ»ስ?

ግራ የገባው
ሰላም ነው? ትናንት ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ቃል ስንጨቃጨቅ አመሸን። «ሃይማኖት» ማለት «ኃይለ እምነት» አጥሮ ነው ይለኛል። አልተዋጠልኝም፣ ግን መልስ አጣሁ። ዝም ስል ደግሞ ሙድ ያዘብኝ። እሱም ሌላ ጥያቄ ሆነብኝ፤ ሙድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ እዚያ ስለ ስሜት ነው የሚያወራው። እኛ ጋ ሲደርስ እንዴት ማሾፍ ሆነ? የምታውቁ እስቲ ወዲህ በሉ።

የግዕዝ ወዳጅ
ጓደኛህ ፊደሉን ቢያይ ይበቃው ነበር። ኃይል የሚጻፈው በብዙኃኑ «ኀ» ነው፣ ሃይማኖት ግን በሃሌታው «ሀ»። ዛሬ ድምፁ አንድ ስለሆነብን እንደፈለግን እንቀያይራቸዋለን እንጂ በጥንቱ ግዕዝ የተለያዩ ነበሩ። ቃሉ ከአራማይክ «ሃይማኑታ» የመጣ ነው፣ ትርጉሙም እምነት። ጣዖትና ኦሪትም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ጣዖት እንዲያውም መነሻው «ስሕተት» ማለት ነው። ወንጌል ግን ከግሪክ ነው፣ «መልካም ዜና»። ኤጲስ ቆጶስም ከግሪክ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ ተቆጣጣሪ እንደማለት።

ግን አትፍረድበት፣ ግማሹን አግኝቶታል። የሃይማኑታ ሥር ያው አ-መ-ነ ነው። አመነ፣ እምነት፣ ታማኝ፣ እማኝ፣ ከዕብራይስጥ የመጣው አሜን ሳይቀር ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። ሃይማኖት ሰው ቤት አድጎ የተመለሰ ዘመድ በለው።

ከመኪና ሥር
እኔ የምውለው ዘይት ተቀብቼ ነው፣ ስለ ኦሪት አልጠየቅም። ግን በቀን ስንቴ ጣሊያንኛ እንደምናገር ያወቅኩት ቅርብ ጊዜ ነው። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መኪና ራሱ! ካምቢዮ በጣሊያንኛ «ለውጥ» ማለት ነው አሉ። እንግዲህ ደንበኛ መጥቶ «ካምቢዮው ይለወጥ» ሲለኝ «ለውጡ ይለወጥ» እያለኝ ነው። ባቡርም ከእነሱው «ቫፖሬ» በአረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ ነው፣ እንፋሎት ማለት። በኤሌክትሪክ የሚሄደውንም እንፋሎት እያልን እንጠራዋለን፣ ማን ግድ አለው።

ቃል ለቃሚ
ስለ ሙዱ የኔ ግምት ይኸው። ቃሉን ከውጭ እናመጣለን፣ ግሱን ግን ከቤት እንሰጠዋለን። «ሼም ያዘኝ» የምንለው «ሐፍረት ያዘኝ» ስለምንል ነው። ሙድም ብቻውን ክፉ አይደለም። «ቤቱ ሙድ አለው» ስትል እያመሰገንክ ነው። የሚያቆስልህ «ያዘብኝ» ላይ ያለችው «ብ» ነች። ሳቀብኝ፣ ዛተብኝ፣ ፈረደብኝ፤ ሁሉም ባንተ ላይ ነው የሚዞረው። እንግሊዙ ይህችን «ብ» ከየት ያመጣታል?

ግራ የገባው
ኧረ ይመቻችሁ! ሁሉንም ለጓደኛዬ ላክሁለት። «እሱንማ ድሮም ነቄ ነኝ» ብሎኝ እርፍ። ቆይ ግን፣ ነቄስ ከ«ነቃ» ነው አይደል?

ቃል ለቃሚ
ከ«ነቃ» ነው። እሱን እንኳን ለሱ እንዳትነግረው፣ እንደገና ሙድ ይይዝብሃል።