አስቸኳይ፦ የግንባር ባትሪዬ ቀይ መብራት እምቢ አለ

ሱሉልታ ማዶ፦ እባካችሁ ቶሎ። ተማሪዎች ይዤ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ላሳይ ወጥቻለሁ። ቀዩ መብራት አይበራም፣ ነጩ ብቻ ነው የሚሠራው። እሱን ባበራሁ ቁጥር ልጆቹ ሰማዩ ጠፋብን ይላሉ። በምን ቀይ ላድርገው? አጠገባችን ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነው።

የሌሊት ወፍ፦ ቀይ ፌስታል አራት እጥፍ አድርገህ በላስቲክ እሰርበት። በአንድ እጥፍ ነጩ ያልፋል። መኪና ውስጥ ሲዲ ካለ ጨረሩን አብራበትና ነጸብራቁን እይ፤ ከቀይ ሌላ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከታየህ እጥፍ ጨምር።

ቀልደኛው፦ ቀይ ፌስታል በጨለማ ለመፈለግ ነጭ ባትሪ ያስፈልጋል 😂

መምህሩ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ብሌን ከ2 ወደ 7 ሚሊሜትር ቢሰፋ የሚገባው ብርሃን 12 እጥፍ ገደማ ነው የሚጨምረው። ትልቁ ሥራ የሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ነው። በእሱ ላይ ያሉት፣ ለደማቅ ብርሃንና ለቀለም የሚሠሩት ኮኖች የሚባሉ ሴሎች ጨለማን በመልመድ በ10 ደቂቃ አካባቢ አቅማቸውን ይጨርሳሉ፤ ለጨለማ የሚሠሩት ሮዶች የሚባሉት ሴሎች ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም 40 ይፈልጋሉ። በውስጣቸው ያለው ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር፣ ሮዶፕሲን፣ በብርሃን ይፈርሳል፣ የሚታደሰውም ቀስ ብሎ ነው። ሮዶች የሞገድ ርዝመቱ 500 ናኖሜትር አካባቢ ለሆነው ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ስል ናቸው፣ ከ640 በላይ ላለው ቀይ ግን ዕውር ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቀይ ካርታ ታነባለህ፣ ሮዶቹም አይነኩም።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ቀይን ታቦት አታድርጉት። ደማቅ ቀይ ከደብዛዛ ነጭ ሊብስ ይችላል። ወንድሜ፣ ችግርህ ባትሪው ሳይሆን የልጆቹ ስልክ ነው። ሁሉንም ሰብስብ። የመኪናውንም የውስጥ መብራት አጥፋ፣ በር በተከፈተ ቁጥር ይበራል።

እንቁላል ፍርፍር፦ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባው!

ሱሉልታ ማዶ፦ ፌስታሉ ሮዝ ሆነብኝ። ስልኮቹን ሰብስቤያለሁ። አሁን ብዙዎቹ ጭጋግ የመሰለ ነገር አይተዋል፣ አንዲት ልጅ ግን ምንም አይታየኝም ትላለች።

የሌሊት ወፍ፦ ሮዝ ከሆነ ነጭ እያፈሰሰ ነው። ሁለት እጥፍ ጨምርና ጨረሩን ወደ መሬት ብቻ አድርግ።

ባለ መነጽር፦ ልጅቷ አፍጥጣ እያየችው ይሆናል። በሬቲናው መሃል ሮድ የለም፤ አፍጥጠው ሲያዩት ይጠፋል። ክንዷን ዘርግታ በጡጫዋ ትለካ፦ አንድ ጡጫ ተኩል ያህል፣ ማለትም 15 ዲግሪ ገደማ፣ ከአንድሮሜዳ ጎን ያለ ኮከብ ላይ ታተኩር፤ ልቧ ግን አንድሮሜዳ ላይ ይሁን። ነጭ መብራት ግድ ሲሆን ደግሞ አንድ ዓይን በመዳፍ ይሸፈን። እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው ነው የሚለምደው።

ቀልደኛው፦ ካሮት አብሏት።

ባለ መነጽር፦ ቫይታሚን ኤ ካልጎደላት ካሮት ምንም አይጨምርላትም፣ ቢጎድላትም ዛሬ ማታ አይደርስላትም። ጨለማ ውስጥ 40 ደቂቃ ቆይታ፣ ጎን ጎኑን እያየች፣ ጓደኞቿ የሚያዩትን ኮከብ ሁሉ ካላየች ግን ዳፍንት ሊሆን ይችላል። መንስኤው የቫይታሚን እጥረት ብቻ አይደለም፤ በዘር የሚወረስ የሬቲና ሕመምም አለ። ወላጆቿ ዓይን ሐኪም ያሳዩዋት።

እንቁላል ፍርፍር፦ የጥፍር ቀለም እኮ አልኩ። ሁለቴ ቀብተህ በየመሃሉ አድርቀው።

ጥቁር ሰሌዳ፦ መስታወቱ ላይ አትቀባ፣ በኋላ አይለቅልህም። ግልጽ ፕላስተር ለጥፍና እሱ ላይ ቀባ።

አዲስ ገቢ፦ የባትሪውን ሞዴል ማንም አልጠየቀም? ብዙዎቹ ላይ ቀዩ አንዴ ሲነኩት አይመጣም፤ ባትሪው ጠፍቶ ሳለ ቁልፉን 2 ወይም 3 ሰከንድ ተጭነህ ያዘው።