ኤማሁስ የትኛዋ ናት? ሦስት ካርታ፣ ሦስት ቦታ

ካርታ ወዳድ፦
ሰላም ጓዶች። ሉቃስ 24 ላይ ግራ ገባኝ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከትንሣኤው በኋላ ከኢየሱስ ጋር የሄዱባት ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም «ስድሳ ምዕራፍ ያህል» ትርቃለች ይላል። ምዕራፍ ደግሞ ስንት ነው? እኔ የማውቀው የመጽሐፍ ምዕራፍ ነው፣ ሃሃ። ካርታዎቹም አልተስማሙም፤ አንዱ ኢምዋስ፣ አንዱ አቡ ጎሽ፣ አንዱ ኤል ቁበይባ ላይ ያስቀምጧታል። የቷን ልመን?

የድሮ መንገድ፦
ምዕራፍ የግሪኩ ስታዲዮን ነው፣ 185 ሜትር ገደማ። ስድሳው 11 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ዮሐንስ 11 ላይ ቢታንያ 15 ምዕራፍ ናት ይላል፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ እሷ ልክ ቦታዋ ላይ ስላለች መለኪያው አያጣላንም። በስም ከሄድክ ግን ኢምዋስ ናት። እስቲ ጮክ ብለህ በለው፦ ኤማሁስ፣ ኢምዋስ። ላትሩን አጠገብ የነበረች የአረብ መንደር ናት፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ፈረሰች። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኤማሁስ ኒቆጶሊስ ናት ብሏል፤ ኒቆጶሊስ በሮማውያን ዘመን ለኢምዋስ የወጣላት ስም ነው። የአይሁድ ጦር መሪው ይሁዳ መቃቢስ የተዋጋባትም ይቺው ናት። (በግእዙ መቃብያን እንዳትፈልጋት፣ እሱ ታሪኩ ሌላ ነው።)

ካርታ ወዳድ፦
ኧረ ኢምዋስ እኮ ሩቅ ናት! 11 ኪሎ ሜትር የት ይደርሳል?

ብራና፦
ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በመንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለው ጥንታዊ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ብራና ደግሞ 60 ሳይሆን 160 ይላል፣ ሲሰላ ልክ ኢምዋስ ላይ ያርፋል። እኔን ግን አያሳምነኝም። ኒቆጶሊስን የሚያውቅ ገልባጭ ቁጥሩን ያቃናው ይመስለኛል። ታሪኩን እየው፤ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ቀኑ መሽቷል ብለው እንግዳውን (ኢየሱስን) ለመኑት፣ ማዕድ ላይ ሲያውቁት በዚያው ሰዓት ተነሥተው ተመለሱና አሥራ አንዱን ተሰብስበው አገኟቸው። በአንድ ቀን 60 ኪሎ ሜትር በእግር?

የድሮ መንገድ፦
ደስ ያለው ሰው ይሮጣል እንጂ!

ሙግት አይደክመኝም፦
ቃሎንያን ረሳችኋት። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቨስፓስያን 800 ጡረተኛ ወታደሮች ያሰፈረባት ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም 30 ምዕራፍ ትርቃለች ይላል። ቃሎንያ ያቺ ናት፤ ሞጻ የምትባል ቦታ አጠገብ ናት፣ ቃሎንያ የሚለው ስምም ከላቲኑ ኮሎንያ የመጣ ነው። አቡ ጎሽና ቁበይባ ርቀታቸው ይገጥማል፣ ግን ኤማሁስ መባል የጀመሩት ከመስቀል ጦረኞች ወዲህ ነው።

ካርታ ወዳድ፦
30 ሲሄዱ፣ 30 ሲመለሱ፣ በቃ 60 ሞላ!

ብራና፦
አትቸኩል ወንድሜ። ሉቃስ «ወደሚርቅ» ነው ያለው፣ ደርሶ መልስ አልቆጠረም።