ጥቆማ፦ ገላን ላለ የውሃ መጋዘን የትኛው ኤጂቪ (ያለ ሹፌር በራሱ የሚሄድ ጋሪ) ይሻላል?

የገላኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን የታሸገ ውሃ እናመርታለን። ከማሸጊያው እስከ መጫኛው በር 70 ሜትር ነው። አንድ ፓሌት ውሃ ወደ 900 ኪሎ ይመዝናል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በእጅ ፓሌት ጃክ ይጎትቱታል። ባለፈው ወር አንዱ ወገቡን ታሞ እስካሁን አልተመለሰም። ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ እሱ ነው። በራሱ የሚሄድ ጋሪ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይዣለሁ። አንዱ ወለል ላይ የተለጠፈ ማግኔት ይከተላል። ሁለተኛው መሬት ላይ ያለ ኪውአር ኮድ እያነበበ ይሄዳል። ሦስተኛው በሌዘር አካባቢውን እያየ መንገዱን ራሱ ይመርጣል፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። የሞከረ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

ቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ ፎርክሊፍት ግዢ። ሳሪስ አንድ ልጅ አለ፣ ያገለገለውን እንደ አዲስ አድርጎ ይሰጥሻል። ሰባት ዓመት ከሱ ጋር ሠርቻለሁ። አንዴ ሌሊት ስድስት ሰዓት ደውዬለት መጥቷል። እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም።

የቂሊንጦ ሰው፦
ልጄ፣ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከሁለት ዓመት በፊት ማግኔት የሚከተሉ ሁለት ጋሪዎች ገዛን። የሻጩን ስም አልጠራም። ያሳዩን ቀን ቆንጆ አድርገው ሄዱ። በሁለተኛው ወር ማግኔቱ መላጥ ጀመረ። ፎርክሊፍቱ መታጠፊያው ላይ ጎማውን ሲያዞር ይቦጭቀዋል። ጋሪው የተላጠው ቦታ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ቀይ መብራት እያበራ ይጮሃል። ልጆቹ እየተንበረከኩ አዲስ ማግኔት ሲለጥፉ ይውላሉ። ቀጥሎ የአንዱ ሴንሰር ሄደ። መለዋወጫው ሦስት ወር ይፈጃል አሉን። ከዚያ ስልክ ማንሳትም ተዉ። አሁን ሁለቱም ጥግ ላይ ካርቶን ተጭኖባቸው ቆመዋል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ሠራተኞቼ ናቸው። «ሥራ ይቀልላችኋል» ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።

ለገጣፎ፦
ጋሼ፣ በጣም ያሳዝናል። ለምን አይከሷቸውም?

የቂሊንጦ ሰው፦
ጠበቃ አማክሬያለሁ። ውሉ ላይ መለዋወጫ በስንት ቀን እንደሚደርስ አልተጻፈም። «ከሽያጭ በኋላ አገልግሎት ይሰጣል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።

ሰበታ፦
እኛም እንዲሁ ተበልተናል፣ በሌላ ማሽን። ቴክኒሻኑ ከውጭ ካልመጣ አይሠራም ተባልን። የአውሮፕላኑንም የሆቴሉንም ከፈልን።

ዱከም 4፦
ሮቦቱን ተዉትና መብራት ሲጠፋ ምን ልታደርጉ ነው? እኔ ብሆን መጀመሪያ ጥሩ ጄኔሬተር እገዛለሁ። ስንት ኬቪኤ ነው ያላችሁ?

ሰበታ፦
ዱከም 4፣ የኛ 100 ነው። ግን ናፍጣው አስቸገረን።

ቱሉ ዲምቱ፦
የሳሪሱ ልጅ ጄኔሬተርም ይጠግናል።

ሱፐርቫይዘር፦
ወይ ጉድ! እህታችን ስለ ኤጂቪ ጠየቀች፣ እናንተ ናፍጣ ላይ ደረሳችሁ። ለሁሉ ነገር አንድ የሳሪስ ልጅ ይበቃል ማለት ነው? አንቺም እህቴ፣ ሊሾው ምን ይመስላል? እሱን ሳትነግሪን ሮቦት ታማርጫለሽ። ቅድሚያ ለመቀመጫዬ አለች ዝንጀሮ።

የገላኗ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ሊሾው ስምንት ዓመቱ ነው። መሃል ላይ በቁመቱ የሄደ ስንጥቅ አለው። ማሸጊያው ጋ ደግሞ ሁሌም እርጥብ ነው።

አቃቂ ሜካኒክ፦
እንግዲያው እንነጋገር። የግንበኛ ስታጃ አምጪና ጋሪው በሚሄድበት ሁሉ እያስተኛሽ ከሥሩ ያለውን ክፍተት እዪ። የነዚህ ጋሪዎች ጎማ ትንሽና ደረቅ ነው፤ እንደ መኪና ጎማ አየር የለውም። ስንጥቅ ላይ ሲወጣ ጭነቱ በሙሉ ይነቀነቃል። ከፍ ብሎ የተደረደረ ውሃ ደግሞ ይናዳል። ስንጥቁን ሳታስደፍኚ ምንም እንዳትገዢ።

ኪውአሩን ተዪው። አማዞን እ.ኤ.አ በ2012 ኪቫ የሚባለውን የመጋዘን ሮቦት ሠሪ ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የተጠቀመበት መንገድ ነው፤ ግን እዚያ ጋሪዎቹ የሚሄዱት ሰው በማይገባበት የታጠረ ቦታ ነው። ያንቺ ወለል እርጥብ ነው፣ ሰውም ፎርክሊፍትም ይረግጠዋል። ኮዱ ይላጣል። የማግኔቱን ነገር ጋሼ ነግረውሻል።

ሌዘሩ ይሻልሻል። ግን ጠዋት ያየውን ከሰዓት ካላገኘው ግራ ይጋባል። አንቺ ጋ ዙሪያው የውሃ ቁልል ነው፤ ጠዋት ሙሉ፣ ማታ ባዶ። ስለዚህ ምሰሶዎቹ ላይ አንጸባራቂ ተለጥፎ በሱ የሚመራውን ጠይቂ። ምሰሶ ከቦታው አይነሳም።

ፊቱ ሰው ወይም ዕቃ ሲያይ ጋሪውን የሚያቆመው የደኅንነት ሌዘር ደግሞ የሚያየው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። ከፍ ብሎ የቀረ የፎርክሊፍት ሹካ ላይታየው ይችላል። ሹካው መሬት ሳይወርድ ፎርክሊፍት እንዳይቆም ሕግ አውጪ። አይኤስኦ 3691-4 የሚባለውን፣ ያለ ሹፌር የሚሄዱ ጋሪዎችን የደኅንነት መስፈርት እንደሚያሟላ የሚያሳይ ወረቀትም አስመጪ።

ዱከም 4፦
መብራቱስ?

አቃቂ ሜካኒክ፦
ጋሪው ባትሪ አለው፣ ወዲያው አይቆምም። የሚቆመው ዋይፋዩና ሥራ የሚያከፋፍለው ኮምፒውተር ነው። ለሁለቱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆያቸው) ይበቃል። ባትሪው ሊቲየም ይሁን። በምሳና በሻይ ሰዓት እየተሰካ ይሠራል። የሊድ አሲዱ ለመሙላት ስምንት ሰዓት አካባቢ ይፈልጋል።

የቂሊንጦ ሰው፦
ልጄ፣ ከመፈረምሽ በፊት በራስሽ ወለል ላይ፣ በራስሽ ፓሌት፣ ሁለት ሳምንት ይሞከር በይ። እኔ ያየሁት የነሱን ወለል ነበር። የመለዋወጫውን ቀን በቁጥር አስጽፊ። ጎማና ሴንሰር አብሮ እንዲመጣ አድርጊ። ስልጠናውን ደግሞ የራስሽ ሠራተኛ ይውሰድ።

ለገጣፎ፦
ልጆቹስ ሥራ ሊያጡ ነው?

የገላኗ፦
አንድም አይቀነስም። ወገቡን የታመመው ልጅ ሲመለስ ጋሪውን እንዲቆጣጠር ነው ያሰብኩት። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አደከምኩዎ። ዛሬ በስታጃ ለካሁት። ስንጥቁ ጋ ጣቴ ሥሩ ይገባል። ነገ ግንበኛ ይመጣል።

ሱፐርቫይዘር፦
ጎበዝ! ሲደፈን ፎቶ ላኪልን።

ዱከም 4፦
ቱሉ ዲምቱ፣ የዚያን የሳሪስ ልጅ ስልክ በውስጥ ላክልኝ እስቲ።