ልምምድ ላይ የተጎዳች ሯጭ ደመወዝ፦ የምታውቁ እርዱን

ታናሽ እህቴ የ5,000 ሜትር ሯጭ ናት፤ በመንግሥት በጀት በሚተዳደር ክለብ በደመወዝ ነው የምትሮጠው። ልምምድ ላይ የተረከዝ ጅማቷ ተጎዳ፣ ሐኪሙም እረፍት አዘዘላት። ከዚያ ወዲህ ደመወዟ ቆሟል። ውሏ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ስለ ጉዳት ግን አንድም ቃል የለበትም። የሕክምና ማስረጃዋን ይዘን ክለቡ ስንሄድ "ለማይሮጥ አትሌት በጀት የለንም" አሉን። ማመልከቻም አስገባን፣ እስካሁን መልስ የለም። ለክለቡ ሜዳሊያ ያመጣች ልጅ እኮ ናት፤ አሁን ለፊዚዮቴራፒ የምትከፍለው አጥታ ቤት ተቀምጣለች፣ በጣም ያሳዝነኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ ይከፈል ይላል። እንዲህ ባለ ክለብ በውል የሚሮጥ አትሌት በዚህ አዋጅ እንደ ሠራተኛ ይቆጠራል ወይ?